ተልባና ጨጓራ

ደብተራችሁን አውጡና የዛሬውን ቃል ጻፉ፤ ተ - ል - ባ። ጻፋችሁ? መልካም።

በደሃና የምትገኙ እናቶች ሙያውን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ያልተቆላ ተልባ ታጥቦ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ያወጣል። ይህ ፈሳሽ ሲጠጣ የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ እንደ ልባስ ሸፍኖ ከአሲዱ ይከልለዋል። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራም ቁስለትን እንደሚቀንስ ታይቷል።

ነገር ግን ተልባ ይሸፍናል እንጂ ጀርም አይገድልም። ቀድሞ ሐኪሞች ሳይቀሩ ቁስሉን የሚያመጣው ጭንቀት ነው ይሉ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ጀርም ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ጀርሙን ራሳቸው ጠጡትና ጨጓራቸው ተቆጣ። ደፋር ሰው ናቸው! በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጀርሙ የሚጠፋው የጤና ባለሙያ በሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ኪኒኑንና ተልባውን አብራችሁ አትውሰዱ፤ ዝልግልጉ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዘገይ ይችላል።

ለራስ ምታትና ለወገብ የሚዋጡት አስፕሪንና ዳይክሎፌናክም ጨጓራን ያቆስላሉ። ፊደል መቁጠራችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የምትገዙትን ኪኒን ስም በአማርኛ አስጽፉና አንብቡት።

ደም ያስታወከ፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ሰው ግን ተልባ እስኪዘፈዘፍለት አይጠብቅ። በቃሬዛም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ አምደወርቅ፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ይወሰድ።