ላሟ ከመሸጧ በፊት
(በአርባ ምንጭ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ምሁራን «ግብረ መልስ» ስለሚሉት ነገር ነው። ቃሉ ቢከብድም ነገሩን ከጓሯችን እናውቀዋለን።

በጨንቻ፣ በዶርዜና በቦንኬ ደጋ ላም ፍግ ትሰጣለች። ፍጉን ተሸክመን እንሰቱ ሥር የምናደርሰው እኛ ሴቶች ነን። እንሰቱ ሲፋፋ ቆጮና ቡላ ይሰጠናል፤ ቅጠሉ ደግሞ ሣር በሚጠፋበት በበጋ ላሟን ይመግባል። እንዲህ ያለው ዙር በዞረ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል።

ችግሩ ያው ዙር ወደ ታችም መሄዱ ነው። ሕመም ወይም የልጅ ትምህርት ወጪ ይመጣና ላሟ ትሸጣለች። ፍግ ይቀንሳል፣ እንሰቱ ይሳሳል፣ ምግብ ከገበያ ይገዛል፣ ለዚያም ጥጃዋ ትሸጣለች። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየቱ ነው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በብርዳማው ደጋ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ላሟ በተሸጠች ቀን ከጓሮው የጎደለ ነገር አይታይም። ጉድለቱ ሲታይ ገንዘቡ ካለቀ ቆይቷል።

ሌላም ዓይነት ዙር አለ። ሮቶ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ውኃው ሲሞላ ከፍ ብላ ቧንቧውን ትዘጋለች፤ ሲጎድል ወርዳ ትከፍታለች። ጥቅሟ ለውጡን ወዲያው ማወቋ ነው። የቁጠባ ስብሰባችንም ሥራው ይኸው መሆን አለበት። አንዲት እህት መዋጮ ስታቋርጥ፣ ቅጣት ከመጻፋችን በፊት ቤቷ ሄደን «ምን ገጠመሽ?» ብንላት፣ ላሟ ገበያ ሳትወጣ እንደርሳለን።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከጋራ ገንዘባችን ጥቂቱ ለአስቸኳይ ብድር ይለይ፤ ላሟን ልትሸጥ የተገደደች አባል የስብሰባ ቀን ሳትጠብቅ ታግኘው። ለንግድ የምንሰጠው ብድር በዚያው ልክ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ተመካክረን እንወስን። ተበዳሪዋ ስትመልሰው ግን ያው ገንዘብ ለሌላዋ ይደርሳል።

ደጋፊዎቻችንም «ስንት ሴቶች ተበደሩ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁን ሁሉ «ስንት ላሞች ሳይሸጡ ቀሩ?» ብላችሁ ጠይቁን። የምትጠይቁንን እንመዘግባለን፣ የመዘገብነውንም እንከታተላለን።