ካባ ለባሿ አርማዲሎ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የሰቀልነው ፎቶግራፍ በቤተ መዘክር፣ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ የምትኖር አንዲት አርማዲሎ ያሳያል። ርዝመቷ 12 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቷም ከ100 ግራም ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ በሰው መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከአርማዲሎ ወገን ከእርሷ የሚያንስ የለም።

አገሯ የመካከለኛው አርጀንቲና ደረቅ አሸዋማ ሜዳ ነው። ሊቃውንት ያወቋት እ.ኤ.አ. በ1825 የፊላደልፊያው ሐኪም ሪቻርድ ሃርላን ከሜንዶዛ የመጣችውን አንዷን መርምሮ በጻፈ ጊዜ ነው። ክላሚፎረስ ትረንካተስ አላት። የመጀመሪያው ቃል በግሪክ ካባ ለባሽ ማለት ሲሆን የተገባ ስም ነው፤ የጀርባዋ ጥሩር በአከርካሪዋ መሥመር በስስ ቆዳ ተያይዞ እንደ ካባ በጎንና በጎንዋ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩም ሐር የመሰለ ነጭ ጠጉር አለ። ሁለተኛው ቃል ቁርጥ ማለት ነው። እውነትም ኋላዋ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል፤ በዚያ ላይ ጠፍጣፋ ጋሻ አለ። በፊት እግሮቿ ታላላቅ ጥፍሮች አሸዋውን ትቆፍራለች፤ በጋሻዋም ከኋላዋ ትጠቀጥቀዋለች። የእኛ አገር ፍልፈል የቆፈረውን አፈር ወደ ውጭ ይከምራል፤ ይህች ግን መንገዷን ወደ ኋላ እየደፈነች ትሄዳለች።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶቹን ቀለሟን ብንጠይቃቸው «ገርጣ ያለ ብጫ» አሉ። እንዳዩት መለሱ፤ አንፈርድባቸውም። በሕይወት ሳለች ግን ሮዝ ናት። ሮዙ ቀለም የጥሩሩ አይደለም፤ በጥሩሩ ውስጥ አልፎ የሚታየው የደሟ ነው። ስለዚህ እርሷ ስትሞት አብሮ ይጠፋል። አልኮሉ ጥፍሯን፣ አጥንቷንና ጋሻዋን ጠብቆልናል፤ ደሟን ሊያዘዋውር ግን አይችልም።

ናሙናን ለመንቀፍ አልተነሣንም። እርሷ በሌሊት የምትወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜዋን ከመሬት በታች የምታሳልፍ ስለ ሆነች፣ ቅርጿን በደንብ የተማርነው ከሞቱት ነው። ሰዎች ይዘው በቤታቸው ሊያኖሯት ሲሞክሩም ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ። ከ1825 ጀምሮ የምትታወቀው ፍጥረት ዛሬም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መዝገብ «በቂ መረጃ የሌላት» ተብላ ተጽፋለች። እኛ ተማሪዎች ግን (ራሳችንንም ጨምረን ነው የምንናገረው) የጠርሙሱን ጽሑፍ በደብተራችን ገልብጠን እንስሳዋን ያወቅናት ይመስለናል።

ከፎቶግራፉ ግርጌ «በሕይወት ሳለች ሮዝ» ብለን በእርሳስ ጽፈናል። ስብሰባው ሲያበቃ ቀርባችሁ ተመልከቱት።