ጥርስ ከማስነቀላችን በፊት፦ ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም
(አጋርፋ ላይ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ዝርዝር ነው። እሱ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። እኛ ግን ከዝርዝሩ አንድ መስመር መርጠን እንነጋገርበት ብለናል፤ «ለሕክምና የተሰጠ ብድር» የሚለውን። ደረሰኞቹን ስናገላብጥ ደጋግመን ያገኘነው «ጥርስ ማስነቀያ» የሚል ነው። የአንዲት እህታችን ስም ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ከጆሮዋ ሥር ሲያማት አንድ መንጋጋ ጥርስ አስነቀለች፤ ሕመሙ አልተዋትም። ከጎኑ ያለውን አስነቀለች፤ አሁንም አልተዋትም። በኋላ ያያት የጥርስ ሐኪም ጣቱን ከጆሮዋ ፊት አድርጎ «ክፈቺ፣ ዝጊ» ሲላት ሕመሙ እዚያው ተገኘ። የታመመው ጥርሷ ሳይሆን የመንጋጋዋ መገጣጠሚያ ነበር። ይህን የምንናገረው እሷው «ለሌላው ይጥቀም» ብላ ስለፈቀደችልን ነው።

እስቲ ሁላችንም ጣታችንን ከጆሯችን ፊት ለፊት እናድርግና አፋችንን ከፍተን እንዝጋ። ከጣታችን ሥር የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያው ነው። በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለን። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ሲሆን፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የምታገለግል ስስ ንጣፍ አለች። ስንበላ፣ ስናወራ፣ ስናዛጋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይህች ንጣፍ ከቦታዋ ስትሸሽ፣ ወይም ዙሪያውን የያዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ ሕመም ይመጣል። ቦታው ለጆሮና ለኋላ ጥርስ ቅርብ ስለሆነ አንዷ «ጆሮዬ ነው»፣ ሌላዋ «ጥርሴ ነው»፣ ሌላዋ «ራሴን ነው» ትላለች።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሲያኝኩ የሚብስ ሕመም፣ ጠዋት ሲነሱ የመንጋጋ መድከም፣ አፍ ሲከፈት ቋ የሚል ድምፅ፣ አፍን በደንብ ለመክፈት መቸገር። ድምፁ ብቻውን፣ ሕመም ከሌለው፣ ሕክምና አያስፈልገውም። በቤት የሚሠራ ቀላል መለኪያም አለ። የራሳችንን ሦስት ጣቶች አንዱን ባንዱ ላይ አድርገን በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል እናስገባ። ሦስቱ ከገቡ ደህና ነው። ሁለቱ እንኳን ካልገቡ ሐኪም ማየት ይገባል።

ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በተለይም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ምት ወይም መውደቅ፣ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ሌሊት ጥርስ ማፋጨት ያመጡታል። ጭንቀት ሲኖር ደግሞ ሳይታወቀን ጥርሳችንን እንገጥማለን። በአገራችን ችግርን የቻለችን ሴት «ጥርሷን ነክሳ ቻለችው» ብለን እናመሰግናለን። ምስጋናው ይገባታል፤ ግን ዕዳውን መንጋጋዋ ይከፍላል። በዕረፍት ጊዜ ከንፈር ከከንፈር ቢገጥምም የላይና የታች ጥርሶች መነካካት የለባቸውም። ወጥ ስንሠራም፣ ገበያ ስንቀመጥም ይህን እያስታወስን መንጋጋችንን ማላላት ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው።

አብዛኛው ሰው በቀላል እንክብካቤ ይሻለዋል። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ቆሎ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ እንተው። ጫት የሚቅሙም መንጋጋቸውን ለረጅም ሰዓት ስለሚያደክሙት እንዲተዉት እንመክራለን። በምትኩ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ፍትፍት እንብላ። ሞቅ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ እናድርግ። ስናዛጋ አገጫችንን በእጃችን ደገፍ እናድርግ። ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ይቅር። የሕመም ማስታገሻ ይረዳል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የጨጓራ ሕመም ያለባት ግን ሳትጠይቅ እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን አትውሰድ።

በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን ይዳስሳል፣ አከፋፈቱን ይለካል፣ ካስፈለገ ራጅ ያዝዛል። ጥርስ የሚያፋጩ ሰዎች በልካቸው የተሠራ የፕላስቲክ ሽፋን ሌሊት ጥርሳቸው ላይ ያደርጋሉ። የመንጋጋ ስፖርትና ፊዚዮቴራፒም አለ። ይህ ሁሉ ካልረዳ የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም መገጣጠሚያውን በመርፌ ያጥባል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ጤነኛ ጥርስ ለመንቀል ወይም ለመሞረድ ማንም አያስቸኩለን። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ቢል ግን በጥፊ መምታት ወይም መጎተት ክልክል ነው። አገጩን በሻሽ ደግፎ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ወደ ታችና ወደ ኋላ ገፍቶ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንለፍ። ከፈረስ ወይም ከዛፍ ወድቆ አገጩን የተመታ ልጅ ቁስሉ ቢድንም ነገሩ ያለቀ እንዳይመስለን። መገጣጠሚያው ተጎድቶ ከሆነ አጥንቱ ቀስ በቀስ ከራስ ቅል ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግልም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። አፉ ይዘጋል፣ ምግብ በጥርሱ ክፍተት እየገፋ ይበላል፣ አገጩም እንደ እኩዮቹ አያድግም። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያጠቃው ኖማም ፊትን በልቶ መንጋጋን ይቆልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ነው።

የተጣበቀ መንጋጋ ይታከማል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ቀዶ ሐኪሞች የተጣበቀውን አጥንት ቆርጠው ያላቅቁታል። አፍ የማይከፍትን ልጅ ማደንዘዝ ከባድ በመሆኑ በየቦታው የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ልጁ ለወራት በየቀኑ አፍ የመክፈት ልምምድ ካላደረገ መልሶ ይጣበቃል። ግማሹ ሕክምና ያለው ሐኪሙ እጅ፣ ግማሹ እናቲቱ እጅ ነው። በአገራችን የፊት ጉዳት ያለባቸውን የገጠር ሰዎች ወደ ሕክምና ለማድረስ የሚሠሩ እንደ ፕሮጀክት ሐረር ያሉ ድርጅቶች መኖራቸውንም እንወቅ።

ከዚህ ተነስተን ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለጥርስ ማስነቀያ ብድር የምትጠይቅ አባል «መገጣጠሚያዬንም እዩልኝ» ብላ መመርመሯን እንጠይቅ። መግል የያዘ፣ ፊት ያሳበጠ ወይም ትኩሳት ያመጣ ጥርስ ግን አንድ ቀን አይደር። ሁለተኛ፣ የጤና መድን መታወቂያችንን በየዓመቱ እናሳድስ፤ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳንይዝ ወደ ትልቅ ሆስፒታል አንሂድ፤ ሽፋኑን ልናጣ እንችላለን። ሦስተኛ፣ ለሪፈር መንገድ የሚሆን ትንሽ ሒሳብ ለብቻው እንክፈት። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕክምናው ቢገኝ እንኳ ትራንስፖርቱ፣ አልጋውና ምግቡ ብዙዎችን ከመንገድ ያስቀራል። ክቡራን ደጋፊዎቻችን፣ እጃችሁን ወደዚህ ብታደርጉ እያንዳንዱን ብር ከነደረሰኙ እናሳያችኋለን።

ጤነኛ ጥርስ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ለምርመራ የምናወጣው ትንሽ ገንዘብ ግን ብዙ ይመልሳል።