እናቱን ላጣ ጨቅላ የሚሆን ውኃ
(ለበጎ አድራጊዎችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲሞች ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ልብስን፣ የትምህርት ወጪንና የዒድ ስጦታን ነው። ዛሬ ግን ገና ስድስት ወር ስላልሞላው ጨቅላ እንነጋገራለን። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባቱን ያጣ ቢሆንም፣ እናቱ የሞተችበት ጨቅላ ደግሞ ያጣው ወላጁን ብቻ ሳይሆን ምግቡንም ጭምር ነው።

እስቲ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ብልባላን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። አንዲት አያት የሟች ልጇን ጨቅላ ታቅፋ ተቀምጣለች እንበል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ የተላከ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት በእጇ ገብቷል። ከምንጭ የተቀዳው ውኃ በጀሪካን ተቀምጧል፤ ጥርት ያለ ነው፤ እርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠጣው ኖራለች። ጣሳውን የላከው ወንድማችን «ሶደቃዬ ደረሰ» ብሎ አላህን ያመሰግናል። ነገር ግን አማናው ገና አላለቀም። ጣሳው ያለ ንጹሕ ውኃና ያለ ማገዶ ግማሽ ስጦታ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጉዳት ይሆናል።

ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። በቦትስዋና መንግሥት ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ በማሰብ የዱቄት ወተት በነጻ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ጥሎ የመጠጥ ውኃው ሲበከል የተቅማጥ በሽታ ተነሣና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቱ። ጉዳዩ ሲመረመር በጽኑ ከታመሙት ጨቅላዎች አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ሆነው ተገኙ። የተሰጠው ወተት ነበር፤ የገደላቸው ውኃው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ጣሳ ይሻላል?» ሳይሆን «የምታጠባ ሴት አለች ወይ?» የሚለው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት የሞቱባቸው የቲም እንደነበሩና ሐሊመቱ ሰዕዲያ እንዳጠቧቸው ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬም ጤንነቷ የተመረመረ አክስት ወይም ጎረቤት ብትገኝ ከማንኛውም ጣሳ ትበልጣለች። ወተቷ የደረቀ ሴት እንኳ ሕፃኑን ደጋግማ ብታጠባ በጤና ባለሙያ እገዛ ወተቷ ሊመለስ ይችላል። በጡት የሚመጣው ዝምድና ጋብቻን የሚከለክል በመሆኑ የአጥቢዋ ስምና ቤተሰብ በጽሑፍ ይያዝ፤ ዝርዝሩንም ዑለማዎችን እንጠይቅ።

አጥቢ ካልተገኘች ግን ወደ ውኃው እንመለስ።

አንደኛ፣ ከተጠበቀ ምንጭ፣ ከእጅ ፓምፕ ወይም ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ይመረጥ። በክረምት ጎርፍ የከብት ፍግን ወደ ምንጭ ስለሚያወርድ፣ ትናንት የጠራው ዛሬ ላይጠራ ይችላል። ጥርት ማለቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። የደፈረሰ ውኃ አድሮ ይጥለል፤ በንጹሕ ነጠላ ይጠንፈፍ፤ ከዚያም ይፈላ።

ሁለተኛ፣ መፍላቱ የግድ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህም ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። «ውኃ አጋር»ን በመሰለ ክሎሪን የታከመ ውኃም ቢሆን ለጨቅላ ወተት መፍላት አለበት። ሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ውኃም እንዲሁ ይፈላል። አምቦ ውኃ ግን ጋዝና ብዙ ማዕድን ስላለው ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ መፍላት ሁሉንም አያነጻም። ከመጸዳጃ ወይም ከበረት አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ ናይትሬት ሊኖርበት ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ ባሉ ብዙ ጉድጓዶችም ፍሎራይድ ይበዛል። እነዚህ በመፍላት አይወገዱም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር ይልቁንም ይጠነክራሉ። እንዲህ ያለው ውኃ ይቅር፤ ሌላ ይፈለግ።

አሁን ብዙዎቻችን ወደማናውቀው ነጥብ ደርሰናል። ዱቄቱ ራሱ ከተሕዋስያን የጸዳ አይደለም። ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ከፋብሪካ ጀምሮ ወይም ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ሊገቡበት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውኃ እንዲበጠበጥ የመከረው ለዚህ ነው። ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጠዋት መበጥበጥ ውኃውን እንጂ ዱቄቱን አያክምም። መመሪያው ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላል፤ ከ92 ዲግሪ የሚጀምረው የላስታ ውኃ ግን በደጋው ብርድ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ ቀድሞ ይበጥበጥ።

አሠራሩም ይህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ኩባያውና ማንኪያው ይቀቀል። መጀመሪያ ሙቁ ውኃ በልኩ ይቀዳ፤ ከዚያ ዱቄቱ በራሱ መስፈሪያ፣ አፉ ተስተካክሎ ይጨመር። ኩባያው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይብረድ፤ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ለብ ማለቱ ይታይ። በጡጦ ፋንታ በኩባያ መመገብ ይሻላል፤ ጡጦን አጥቦ ማጽዳት አስቸጋሪ ነውና። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋ። ወተት ሲደፋ ልብ ያዝናል፤ ነገር ግን ከሕፃኑ ሕይወት ጋር አይመዘንም።

እናንተ ለጋሾች ሆይ! ከልደት እስከ ስድስት ወር ድረስ ለአንድ ጨቅላ 20 ኪሎ ያህል ዱቄት ያስፈልጋል። ይህም 500 ግራም በሚይዝ ጣሳ 40 ጣሳ ነው፤ አንዱ በአማካይ ከአምስት ቀን አያልፍም። አንድ ጣሳ ልኮ የሚቆም ሰው አያቲቱን ወተቱን በውኃ እንድታበዛው ያስገድዳታል፤ ጨቅላውም ሆዱ እየሞላ ይራባል። ስለዚህ ከመላካችን በፊት ተባብረን እስከ መጨረሻው እንነይት። ከጣሳው ጋር የማገዶ ወይም የከሰል ዋጋ፣ ክዳን ያለው ብረት ድስት፣ ፔርሙዝ፣ ሁለት ኩባያ፣ ክዳን ያለው ጀሪካንና ሳሙና ይላክ። አጥቢ ከተገኘች ደግሞ ያው ገንዘብ ለእርሷ ቀለብ ይዋል።

እናንተ አሳዳጊዎች ሆይ! ለቡና በተነደደው እሳት ላይ የሕፃኑም ድስት ይጣድ፤ ወሎ ቡናውን እንደማይረሳ ሁሉ የጨቅላውም ውኃ አይረሳም። ሕፃኑ ቢያስቀምጠው፣ ቢተኩሰው ወይም አልጠባ ቢል ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ከመጀመሪያው ቀን አማክሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ሶደቃችንን ይቀበለን፤ አማናውን እስከ ኩባያው አፍ ድረስ ለማድረስ ይርዳን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።