ሸክሙን ማን ይሸከማል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጠጅ ብዙ ሲቆይ እንደሚኮመጥጥ ሁላችንም እናውቃለን። ይህም የሚሆነው አልኮሉ ወደ አሴቲክ አሲድ ስለሚለወጥ ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ካርቦን አላቸው፤ በሁለቱም ከኦክሲጅን ጋራ የተያያዘ አንድ ሃይድሮጅን ይገኛል። ታዲያ አሲዱ ይህን ሃይድሮጅን በውኃ ውስጥ ለመልቀቅ ከአልኮሉ መቶ ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚበልጠው ስለ ምንድን ነው?

ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኑን ትቶ ሲሄድ የቀረው ወገን ኔጋቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። በአልኮል ሸክሙ በአንድ ኦክሲጅን ላይ ይወድቃል፤ በአሲዱ ግን ሁለት ኦክሲጅኖች ይካፈሉታል። አንዱ ታላቅ ምክንያት ይህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

ደግሞም በአሴቲክ አሲድ ካርቦን ላይ ያሉት ሦስት ሃይድሮጅኖች በክሎሪን ቢተኩ፥ ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሸክሙ ይቀልላል፤ አሲዱም ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበረታል። ክሎሪኑ በካርቦኑ ሰንሰለት ላይ እየራቀ ሲሄድ ግን ጉልበቱ ይደክማል።

አሜሪካዊው ሉዊስ ሐሜት በ1937 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለውን ጉልበት በቁጥር ገለጠው። በቤንዞይክ አሲድ ላይ የተለካው ቁጥር የሌሎች ብዙ ሪአክሽኖችን ፍጥነት ለመገመት እንደሚያገለግልም አሳየ።

እኛ ግን ሪአክሽኑን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃላችን ለመያዝ እንደክማለን፤ የሸመደድነውም በፈተናው ማግሥት ይጠፋል። እንግዲህ አዲስ ሞለኪውል ባየን ጊዜ፥ ሸክሙ በማን ላይ ያርፋል? ማንስ ያግዘዋል? ብለን እንጠይቅ። መምህሮቻችንም በፈተና «ጻፉ» ብቻ ሳይሆን «ስለ ምን?» እንዲሉን በትሕትና እንለምናለን።