የክሩዘር ሞተር ብስክሌትን ጎማ፣ ሞላና ፍሬን ስለ ማሻሻል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት የምናገረው ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ርእሱ ከድልድይ፣ ከግድብና ከፋብሪካ ተከላ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ኃይል፣ ሰበቃ፣ ሙቀትና ንዝረት ባንድነት የሚሠሩበት፣ ስሕተትም ሲፈጸም ዋጋውን ወዲያውኑ በላዩ የተቀመጠው ሰው የሚከፍልበት መሣሪያ እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው።

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ሲመጣ የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ፍሬኑ አይዝልኝም፤ ኃይለኛ ፍሬን ይገጠምልኝ» ይላል። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱ ግን ከጥያቄው ይሰፋል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ፍሬን፣ ሞላና ጎማ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ሳይሆኑ አንድ ሥርዓት መሆናቸውን ነው፤ ማሻሻልም ከመሬት ተጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሥራ እንጂ ከላይ ተጀምሮ የሚወርድ አለመሆኑን ነው። ሞላ ስል የፊቱን ሹካና የኋላውን አሞርዛተር ጨምሬ መሆኑን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክሩዘር ጠባይ

ክሩዘር የሚባለው ሞተር ብስክሌት የአሜሪካ ረጅምና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ልጅ ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ረጅም፣ የፊት ሹካው ወደ ፊት ጋደል ያለ፣ የሞላው ጉዞ አጭር ነው። ይህ ሁሉ የንድፍ ጉድለት አይደለም፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ለመርጋትና አጭር ሰው እንኳ እግሩን መሬት አድርሶ እንዲቆም ተብሎ የተመረጠ ነው። ነገር ግን ምርጫ ሁሉ ዋጋ አለው፤ የዚህኛው ዋጋ የሚታየው በጠመዝማዛ መንገድና በድንገተኛ አቋቋም ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የሃርሊ ዴቪድሰን ስፖርትስተርን እንውሰድ። ይህ ዝርያ በ1957 ለገበያ ቀረበ፤ በ2004 ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በጎማ ማያያዣ እንዲገናኝ ተደርጎ ንዝረቱ ቀነሰ። በ2009 የወጣው አይረን 883 የተባለው ዓይነት ክብደቱ 250 ኪሎግራም ገደማ ሲሆን፣ የፊት ጎማው ባለ 19 ኢንች፣ የኋላው ባለ 16 ኢንች፣ የፊት ፍሬኑም ባለ አንድ ዲስክ ብቻ ነበር። የኋላ ሞላው ጉዞ እጅግ አጭር ስለ ነበረ ነጂዎች ሲያማርሩ ቆይተው፣ ፋብሪካው ራሱ በ2016 የፊት ሹካውን የውስጥ ክፍልና የኋላውን አሞርዛተር በተሻለ ለውጦታል። በአየር የሚቀዘቅዘው የዚህ ዝርያ ምርት ዛሬ ቢቋረጥም፣ መኪናው በብዙ አገር መንገድ ላይ ስለሚገኝ የማሻሻያ ጥያቄው አላቋረጠም።

በሚቆምበት ጊዜ ምን ይሆናል?

ከቁጥር እንነሣ። መኪናውና ነጂው ባንድነት 330 ኪሎግራም ይመዝናሉ እንበል። ከዚህ ውስጥ 148 ኪሎግራሙ በፊት ጎማ፣ 182ቱ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሳንቲሜትር፣ የጎማዎቹ ርቀት 1.6 ሜትር ቢሆንና ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ7 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢቆም፣ 81 ኪሎግራም ያህል ሸክም ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። በዚያች ቅጽበት የፊት ጎማው 229፣ የኋላው 101 ኪሎግራም ብቻ ይሸከማል። ከመያዝ አቅም ሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው ከፊት ነው ማለት ነው። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ በመሆኑ የኋላ ፍሬኑ ከሌሎች ሞተር ብስክሌቶች ይልቅ ቢረዳውም፣ ዋናው ሥራ የፊተኛው ነው።

በሃሪ ኸርት የተመራው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በዝርዝር መርምሮ በ1981 ባወጣው ዘገባ፣ አብዛኞቹ ነጂዎች በጭንቅ ጊዜ የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ረግጠው ጎማውን እንደሚያንሸራትቱ፣ የፊተኛውን ግን አለመጠን በትንሹ እንደሚይዙ ገልጿል። እንግዲህ ለዘመናት «ፍሬኑ ደካማ ነው» ሲባል የኖረው ነገር አንዳንድ ጊዜ የእጅ ልማድ ጉድለት ነው። ይህን ለባለንብረቱ በትሕትና መንገር የሥራችን የመጀመሪያ ክፍል ነው።

ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አንድ ስሌት ያሳየናል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ ነጂ ከላይ በተጠቀሰው መጠን ቢይዝ በ20 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በየሰከንዱ 4 ሜትር በሰከንድ ብቻ የሚቀንሰው ግን 35 ሜትር ይፈጅበታል። የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 39 ኪሎሜትር እየበረረ ያልፋል። ከፊቱ መኪና ወይም ሕፃን ቢኖር ውጤቱን ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ስለ ጎማ

ሞተር ብስክሌት መሬትን የሚነካው ከመዳፍ በማይበልጥ ሁለት ስፍራ ብቻ ነው። ፍሬን ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከዚያች መዳፍ በላይ ሊይዝ አይችልም። ስለሆነም ገንዘብ በመጀመሪያ የሚወጣው በጎማ ላይ ሊሆን ይገባል።

በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ ልማድ እናድርግ። 150/80-16 ሲል ስፋቱ 150 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚሁ 80 በመቶ፣ ማለትም 120 ሚሊሜትር፣ ቸርኬውም 16 ኢንች መሆኑን ይገልጻል። በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3521 ማለት በ2021 ዓ.ም. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ጥሩ ጎማ አይደለም፤ ላስቲኩ ከእርጅና ሲደርቅ መያዙ ይቀንሳል።

ሰፊ ጎማ የተሻለ ይይዛል የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ጸንቷል። ነገር ግን ሰፊ ጎማ ያደረገ መኪና ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ለመዞር ከቀድሞው ይበልጥ መጋደል አለበት። ክሩዘር ደግሞ ጥቂት ጋደል ሲል የእግር ማሳረፊያው መሬት የሚፍቅ መኪና ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲታሰር ቅርጹም ይዛባል። ስለዚህ በፋብሪካው የተወሰነውን መጠን ጠብቆ የተሻለ ዓይነት ላስቲክ መምረጥ ይበልጣል። ራዲያል የሚባለውንና ተራውን ጎማ ያለ ፋብሪካ ፈቃድ በአንድ መኪና ላይ አለመቀላቀል፣ ነፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መለካት፣ አዲስ ጎማ ሲገጠምም የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎሜትር ያህል በጥንቃቄ መንዳት ተገቢ ነው።

ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር

የሞላ ሥራ ምቾት ብቻ ነው ብለን ብናስብ እንሳሳታለን። ዋና ተግባሩ ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የተዛወረው ሸክም ለስላሳውን ሹካ እስከ መጨረሻው ካሰመጠው ቀሪው ሞላ የጎማው ነፋስ ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ መንገዱ ላይ ትንሽ ጉብታ ቢገጥም ጎማው ይነጥርና መያዙን ያጣል። ሹካው ደካማ በሆነ መኪና ላይ ኃይለኛ ፍሬን መግጠም በሻካራ መንገድ ላይ አደጋውን ሊያባብሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚለካው ቀላል ነው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ቁመቱን እንለካለን፤ ቀጥሎም ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከተቀመጠ በኋላ እንለካለን። ልዩነቱ ከጠቅላላው ጉዞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። የኋላ ጉዞው 50 ሚሊሜትር ብቻ በሆነ መኪና ላይ ይህ 15 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ለጉድጓድና ለጉብታ የሚተርፈው 35 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን መጠን ለማግኘት ሞላውን ማጥበቅ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ማጥበቅ የመኪናውን ከፍታ ይለውጣል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ ለነጂው ክብደት የማይመጥን ሞላ በሚመጥን መተካት አለበት። ሞላው ሲጠነክርም የአሞርዛተሩ የማርገብ ኃይል አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው እንደ ፈረስ ይዘላል።

ለመልክ ሲባል የኋላውን አሞርዛተር በአጭር መተካት በክሩዘር ባለቤቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ያንኑ አጭር ጉዞ ይብሱን ያሳጥረዋል፤ የመጋደል ወሰንን ያጠባል፤ ሹካውንም ይበልጥ ያጋድለዋል። መጠነኛ ርዝመት መጨመር በተቃራኒው ሹካውን ቀና ስለሚያደርገው መኪናው በቀላሉ ይዞራል፤ ነገር ግን ሲበዛ ቀጥታ መርጋቱን ይቀንሳል። በአንድ በኩል የሚነካ ሁሉ በሌላው በኩል ያንጸባርቃል።

ስለ ፍሬን

አሁን ወደ ባለንብረቱ ጥያቄ ደርሰናል። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ ያለውን ወደ ቀድሞ ጤናው መመለስ ነው። የካሊፐሩን ፒስተን ማጽዳት፣ ዲስኩ አለመጣመሙን መመርመር፣ ያረጀውን የፍሬን ዘይት ማውጣት ብቻውን ብዙ ለውጥ ያስገኛል። ዘይቱ ከአየር ርጥበትን ስለሚመጥ የመፍያ ነጥቡ በጊዜ ብዛት ይወርዳል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ ዘይቱ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ርጥበት ከመጠጠ በኋላ ቢያንስ 155 ዲግሪ እንዲሆን ይጠይቃል። በሲሊኮን የተሠራው ዶት 5 ግን ከዶት 3፣ ከዶት 4ም ሆነ ከዶት 5.1 ጋር ከቶ ሊቀላቀል አይገባም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን መንገድ እንግዳ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። 330 ኪሎግራም አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሰዓት 60 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረን ያንኑ መኪና 70 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ነፋሱ የማይወስዱት ሁሉ በዲስኩና በዘይቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ከጽዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው የተሻለ የፍሬን ሸራ፣ ከዚያም በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ነው፤ የላስቲኩ ቱቦ በግፊት ሲያብጥ የሚባክነውን የእጅ ጉዞ ይቆጥባል። ፖምፓውን መለወጥ ግን ስሌት ይጠይቃል። የ14 ሚሊሜትሩ ፒስተን በ16 ሚሊሜትር ቢተካ ስፋቱ በ31 በመቶ ይጨምራል፤ በመሆኑም በዚያው የእጅ ኃይል የሚገኘው ግፊት በ23 በመቶ ይቀንሳል። መያዣው ደረቅ ስለሚል ነጂው ፍሬኑ የጠነከረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ደክሟል። ሁለተኛ ዲስክና ካሊፐር ሲጨመር ደግሞ ያው ፖምፓ የሚገፋው ዘይት በእጥፍ ያድጋልና ትልቅ ፖምፓ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

የጎማን መቆለፍ የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ. በሞተር ብስክሌት ላይ በ1988 በቢ.ኤም.ደብልዩ. ኬ100 ጀመረ፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ዓይነቶች ላይ ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በስፖርትስተር ላይ ለሚፈልግ ገዢ መቅረብ የጀመረው በ2014 ነው። ይህ መሣሪያ የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሚሠራ የጎማ መጠን በዘፈቀደ ሲለወጥ ስሌቱ ይዛባል። መሣሪያው ያለውን መኪና ስናሻሽል ይህን አንዘንጋ።

ስለ ኃላፊነት

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

አንድ መሐንዲስ ወይም መካኒክ የፋብሪካውን ውሳኔ በለወጠ ጊዜ የፋብሪካውን ኃላፊነት ተረክቧል። ባለንብረቱ ስለ ፒስተን ስፋትም ሆነ ስለ ሸክም ዝውውር ላያውቅ ይችላል፤ የሚያውቀው የኛን ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ያለውን ሳንጠግን አዲስ አንግጠም። ሁለተኛ፣ ከጎማ ወደ ሞላ፣ ከሞላ ወደ ፍሬን እንሂድ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ለውጠን እንፈትን። ሦስተኛ፣ የለወጥነውን ሁሉ ከነልኩ በጽሑፍ አስፍረን ለባለንብረቱ እናስረክብ፤ ነገ ሌላ እጅ ይነካዋልና። አራተኛ፣ ነጂው ባዶ ሜዳ ላይ አዲሱን ፍሬን ቀስ በቀስ ሳይለማመድ ወደ መንገድ እንዳይወጣ እንምከረው።

ባለንብረቱ ኃይለኛ ፍሬን ጠይቆ አዲስ ጎማ፣ የሚመጥን ሞላና የጸዳ ካሊፐር ይዞ ቢመለስ በመጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል። የጠየቀው ዕቃ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን እነዚያ አሥራ አምስት ሜትሮች ናቸው። እነርሱን ማስገኘት የኛ ሙያ ነው።