የወታደር ልጆቻችን የቤት ብድር መብት በአንድ ቤት አያልቅም

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የበዓሉ ኮሚቴ ለእኛ ለባለታክሲዎችም መድረክ ስለሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። ባለታክሲ ወሬ አያጣም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን ነንና የማንበብ ልማዳችን አልተወንም፤ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ እናነባለን፣ እንከራከራለን። ዛሬ ይዘን የቀረብነው ከዚያ ክርክር የወጣ ነው።

ከመካከላችን በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ወይም አገልግለው የወጡ ልጆች ያሏችሁ አላችሁ። እነዚህ ልጆች ከሚያገኙት ጥቅም አንዱ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት የሚገዙበት ብድር ነው። ስለዚህ ብድር «አንዴ ከተጠቀሙበት አለቀ» ሲባል እንሰማለን። ልክ እንደ እቁብ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ዳግመኛ አይወጣለትም ማለት ነው። በዚህ አባባል የተነሣ ልጁ ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ሲዛወር ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት በጥድፊያ የሚሸጥ አለ። መብቱ በእጁ እያለ ዓመታት በኪራይ የሚያሳልፍም አለ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1944 ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪ.ኤ. የምንለው፣ በአብዛኛው ገንዘቡን ራሱ አያበድርም። የሚያበድረው ባንክ ነው፤ ቪ.ኤ. ዋስ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ለብድሩ ሩብ «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ አለሁ» ይላል።

ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዋስ ዕዳው እስኪከፈል ታስሮ ይቆያል፤ ዕዳው ሲያልቅ ይፈታል፤ ከተፈታ በኋላ ለሌላ ዕዳ ዋስ መሆን ይችላል። የዚህ ብድር ምሥጢርም ይኸው ነው። ዋሱ የሚፈታባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ቤቱ ተሽጦ ብድሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈል መብቱ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሳይሸጥ ብድሩ ብቻ ከተከፈለ፣ ለምሳሌ በሌላ ዓይነት ብድር ከተተካ፣ መብቱ ይመለሳል፤ ይህ ግን በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ መብት ያለው ሌላ ወታደር ቤቱን ለመኖሪያው ገዝቶ ብድሩን ሲረከብና የራሱን መብት ሲተካ የመጀመሪያው ነፃ ይወጣል። መብቱ ግን በራሱ ጊዜ አይመለስም፤ በቅጽ ቁጥር 26-1880 ማመልከት ያስፈልጋል።

ብድሩ ሳይከፈል፣ ቤቱም ሳይሸጥ ሌላ ቤት ለመግዛትስ? ይህም ይቻላል፤ በተረፈው መብት። ልጃችን የመጀመሪያውን ቤት በ300,000 ዶላር ብድር ገዛ እንበል። ሩቡ 75,000 ዶላር ታስሯል፤ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ይህ አይቀንስም። በ2025 በአብዛኛው የአሜሪካ ካውንቲ የብድሩ ወሰን 806,500 ዶላር ነበር፤ ሩቡ 201,625 ይሆናል። 75,000 ሲቀነስ 126,625 ይተርፋል። ይህ የአዲሱ ብድር ሩብ ስለሆነ በአራት ስናባዛው 506,500 ዶላር ይመጣል። ገቢውና ክሬዲቱ ከፈቀደ እስከዚያ ድረስ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሊገዛ ይችላል። ዋጋው ከዚያ በ40,000 ቢበልጥ፣ የብልጫውን ሩብ፣ 10,000 ዶላር፣ ከኪሱ ያወጣል። ወሰኑ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ቤት በሚወደድበት አካባቢም ከፍ ይላል። መብቱ ሙሉ ለሆነ ሰው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ይህ ወሰን ተነሥቶለታል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው እንለፍ። በእኛ ዘንድ «ብድሩ በስምህ ይቆይ፣ ዘመድ እየኖረበት ይክፈል» ማለት የተለመደ ነው። ልብ በሉ፤ ዘመድ እየከፈለም ቢሆን ዋሱ አልተፈታም። ዘመዱ መክፈል ሲያቅተው የሚበላሸው የልጁ ክሬዲት ነው። ብድሩ በሕጋዊ መንገድ እንኳ ቢተላለፍ፣ ተረካቢው የራሱን መብት የሚተካ ወታደር ካልሆነ፣ ብድሩ እስኪያልቅ የልጁ መብት እንደታሰረ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ይህ ብድር ለመኖሪያ እንጂ ለንግድ አለመሆኑ ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ቤቱ መግባት አለበት፤ በግዳጅ ላይ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ብትገባ ይበቃል። ወላጆች ብቻ እንዲኖሩበት መግዛት አይፈቀድም። ልጁ ከወላጆቹ ጋር ኖሮበት በኋላ ሲዛወር ግን እነሱ እዚያው ሊቆዩ፣ ቤቱም ሊከራይ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ፈንዲንግ ፊ የሚባለው ክፍያ ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለሚገዛ ለመጀመሪያ ጊዜ 2.15 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ግን 3.3 በመቶ ነው። በ400,000 ዶላር ብድር ላይ ከ8,600 ወደ 13,200 ይወጣል ማለት ነው። ለ400,000 ዶላር ቤት 5 በመቶ፣ ማለትም 20,000 ዶላር፣ ቅድሚያ የከፈለ ግን 1.5 በመቶ ብቻ፣ 5,700 ዶላር ይከፍላል። በአገልግሎት ላይ ለደረሰበት ጉዳት ከቪ.ኤ. ካሳ የሚቀበል ሰው ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን ሁሉ ስንል ሁሉም ሁለተኛ ቤት ይግዛ ማለታችን አይደለም። ሁለት ቤት ሁለት ዕዳ ነው፤ ተከራይ የወጣ እንደሆነ ባንኩ አይጠብቅም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። የምንለው፣ መብቱ ያለው ሰው መብቱን አውቆ ይወስን ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የብቁነት ማረጋገጫውን ወረቀት ከቪ.ኤ. ማውጣት ነው። ወረቀቱ ስንቱ መብት እንደታሰረ ያሳያል፤ ለማውጣትም ክፍያ የለውም።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በዓመት አንድ እሑድ ለዚህ ጉዳይ ይመደብና ያገለገሉት ልጆቻችን ራሳቸው መጥተው ያስረዱን። እኛ ባለታክሲዎች ያን ዕለት ሰው በነፃ እያመላለስን እናገለግላለን።

ለሃያኛው ዓመት በዓል ያብቃን።